የተግደረደሩበት ቤት

ሶልያና በየማለዳው ቁርስ የምታቀርበው ግድግዳውን በዓይኗ እየጠበቀች ነው። ግድግዳው ሁለት ሰዓት ሲሆን ከቦታው ይነሳና ሳሎኑን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤቱ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተማሪ ያስጠናል። ማታ ሳሎኑ ሲመለስ ሶፋው ላይ የማይታወቅ ሰው ሙቀት አለ፤ አንዳንዴም የማይታወቅ ሰው እርሳስ ይገኛል። ሕንፃው ውስጥ ያለ ሁሉ የሚኖረው እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ሙሉ ሳሎን ለሙሉ ቀን የሚይዝ ሰው ካለ፣ እሱ በዜና የሚታይ ሰው ነው።

"ቶሎ በል እንጂ ኪሩ! ሊሄድ ነው እኮ።"

"ይሂድ። እኔ አልያዝኩት" ይላል ባሏ ኪሩቤል።

ኪሩቤል ዕድሜውን በሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሲቸኩል ያየው የለም። የመጨረሻዋን ጉርሻ ይዞ ብድግ ሲል ግድግዳው ከጀርባው ሽው ብሎ ያልፋል። ከዚያ ባልና ሚስቱ በቀረቻቸው ጓዳ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ይህን ሁሉ ለምደውት ነበር። ያልለመዱትና ሊለምዱትም የማይችሉት የኤልዳናን ነገር ነው።

ኤልዳና አንድ ልጃቸው ናት። ድሬዳዋ ትሠራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። አንድ ቀን ስልክ ደውላ፣ "እማዬ፣ አንቺ ጋ ነው አይደል የምታረሰው?" አለቻት።

"ታዲያ የት ልትሄጂ ኖሯል?" አለች ሶልያና፣ ደረቷን ነፍታ።

ስልኩ እንደተዘጋ ሕንፃውን ጠየቀች። ሕንፃው ለስላሳ የሴት ድምፅ አለው።

"ለቤትዎ የተመደበው አየር የሁለት ሰው ነው። ሦስተኛ ትንፋሽ እስከ ምሽት ድረስ በእንግድነት ይስተናገዳል፤ ማደር አይችልም። አራተኛ ትንፋሽ አይፈቀድም።"

"አራተኛው ገና የሚወለድ ሕፃን ነው እኮ!"

"ሕፃናትም ይተነፍሳሉ" አለ ሕንፃው።

ሶልያናን እናቷ አርሳታለች፤ እናቷንም የእናቷ እናት። ገንፎው ተገንፍቶ፣ አጥሚቱ ተጠጥቶ፣ ጠያቂው ገብቶ ወጥቶ፣ እናት ልጇን እንደገና እንደ ሕፃን አጥባና ቀብታ ነው የምታስነሳት። አሁን ተራው የሷ ሲሆን አየር የለም ተባለች። ያን ቀን ሳሎኑ እስኪመለስ ድረስ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኪሩቤልም አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቷን ሲያሽላት ቆየና፣ "በቃ፣ አሮጌ ቤት እንፈልጋ" አለ፤ ልክ ሱቅ ሄዶ ሳሙና እንደሚገዛ ሰው።

አሮጌ ቤት ማለት መሬት ላይ የተቀመጠ፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ትንፋሽ የማይቆጥር ቤት ማለት ነው። በከተማዋ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ፈላጊያቸው ደግሞ አገር ምድሩ ነው። ባልና ሚስቱ ያላቸውን ሁሉ አንድ ላይ ቢያደርጉ ምናልባት ይበቃ ነበር። ምናልባት።

በዚህች ከተማ ስንትና ስንት ሙያ ጠፍቷል። ሾፌር የለም፣ ፖስተኛ የለም፣ ገንዘብ ተቀባይም የለም። ደላላ ግን አለ። የእነሱ ደላላ ረድኤት ትባላለች፤ ፈጣን፣ አፈ ቅቤ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ አዲስ የሆነ ሴት ናት። መጀመሪያ ያሳየቻቸው ቤት መሬት ነበረው፤ ችግሩ መሬቱ የሌላ ሰው መሆኑ ነው። የገዛ ሰው የሚሄደው ከመሬቱ ከፍ ብሎ በተዘረጋ ጣውላ ላይ ነው። ሁለተኛው ቤት እውነተኛ አሮጌ ነበር፤ ግን አንድ ኩባንያ ከነግድግዳው ነቅሎ ደመና አጠገብ፣ ከአንድ ሕንፃ አናት ላይ ሰቅሎታል። ግቢው በመስኮቱ ላይ ተስሏል። የተሳለው ውሻ ሰው ሲያይ ይጮሃል።

"ውሻው ጥሩ ነው" አለ ኪሩቤል፣ ሚስቱን ለማሳቅ።

ሶልያና አልሳቀችም። የኤልዳና ሆድ በስልኩ መስታወት ላይ በየሳምንቱ ሲገፋ ታያለች።

ከዚያ አንድ ቀን ረድኤት ደወለች። "ማዘር፣ ፈረንሳይ ሰፈር አንድ ቤት አለ። ለማንም አላሳየሁትም" አለች። ለስንት ሰው እንዳሳየችው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የቤቱ ባለቤት እማማ ብሌን የሚባሉ አሮጊት ናቸው። አሮጌ ቤት ሲሸጥ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ገዢው አንድ ጊዜ ብቻ ቤቱን ይጎበኛል፤ ባለቤቱ ገዢውን ከወደደው በተቀመጠው ዋጋ ይሸጥለታል፤ በመካከላቸው ታዛቢ ይቀመጣል። ታዛቢው የስኳር ዕቃ የሚያክል መሣሪያ ነው፤ የሚነገረውን ይሰማል፤ የሰማውንም ይመዘግባል። የተመዘገበው ውል ነው።

"አደራችሁን" አለች ረድኤት፣ ወደ ሰፈሩ ሲሄዱ። "ታዛቢው የሚያውቀው እሺና እምቢ ብቻ ነው። ይሉኝታ አይገባውም። መግደርደር አይገባውም። 'ትፈልጋላችሁ?' ከተባላችሁ 'አዎ' ነው። አንዴ እምቢ ያለ ገዢ ለዚያ ቤት ተመልሶ አይቀርብም። ገባችሁ?"

"ገብቶናል ልጄ" አለች ሶልያና። እውነትም የገባት መስሏት ነበር። ከተማው በሙሉ ከተማረው ቆይቷል። በእነሱ ሕንፃ አንዲት ሴትዮ ሊፍት ውስጥ እራቷን ይዛ ሰው ስታይ፣ እንደ ድሮው "እንብላ" ብላ ነበር፤ ሕንፃው ሰምቶ እራቷን ሊፍቱ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ አካፍሎ በየቤታቸው ላከላቸው። ከዚያ ወዲህ "እንብላ" የሚል ጠፋ። ሰው በአደባባይ አጠር አድርጎ መናገር ለመደ። ያ የቀድሞው ንግግር የቀረው ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች አፍ ላይ ነው፤ እሱም ቤታቸው ውስጥ፣ ድምፅ ቀንሰው።

የእማማ ብሌን ቤት ሁለት የአንበሳ ራስ የተለጠፈበት ቀይ የብረት በር አለው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ውስጡ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ ጠርዝ ዙሪያውን የሚሄድ ሰማያዊ መብራት፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ሲገፉት የሚያቃስት የአሉሚኒየም በር። ኪሩቤል አፉን ከፍቶ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ያየው በሙዚየም ነው።

"እናትና አባቴ ዕቁብ ጥለው የሠሩት ነው" አሉ እማማ ብሌን፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። "ያኔ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሠራው። 'አሁን ይሄ ምኑ ያምራል?' ይሉት ነበር አሉ።"

ግቢው ውስጥ የውሃ ታንከር በብረት እግር ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ አንድ የኮክ ዛፍ አለ፤ ክረምት ስለነበር ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ከግቢው በላይ ዙሪያውን ሕንፃዎች ናቸው። መሬቱ ግን ጭቃ ነው፤ የሶልያና ጫማ ሲሰምጥ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ጭቃ የረገጠችበትን ጊዜ አታስታውስም።

ሳሎን ገብተው ሲቀመጡ ታዛቢው ጠረጴዛው ላይ ቢጫ መብራት አበራ። እማማ ብሌን ቋንጣ ፍርፍር አቀረቡ።

"ብሉ።"

"ኧረ እኛ በልተን ነው የመጣነው" አለ ኪሩቤል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

"ገዢዎች ምግብ አልፈለጉም። ተመዝግቧል" አለ ታዛቢው።

"ዝም በል አንተ!" አሉ እማማ ብሌን። "ብሉ እንጂ ልጆቼ።"

"ኧረ ጠግበናል እማማ፣ አይቸገሩ።"

"በሞቴ!"

"የጤና እርዳታ ይጠራ?" ሲል ጠየቀ ታዛቢው።

ረድኤት ለታዛቢው የሆነ ነገር አንሾካሹካ ዝም አሰኘችው። "በሞቴ" ከተባለ በኋላ ደግሞ የሚቀር ነገር የለም፤ ባልና ሚስቱ ቀረቡ። ኪሩቤል ሳህኑን ጠረገው። ሲጨመርለት "ኧረ በቃኝ" እያለ ያንንም ጠረገው። እማማ ብሌን እሱን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

ከምሳ በኋላ ግቢውን ዞሩ። ከቤቱ ጀርባ ሰርቪስ ቤት አለ፤ አንዷ ክፍል ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት አላት፤ የማለዳ ፀሐይ ወለሉን አደብዝዛዋለች። ሶልያና ደጃፉ ላይ ቆመች። ማንም ያልሰማት መስሏት፣ "አልጋው እዚህ ጋ። ለጠያቂ ወንበር እዚያ" አለች።

"የምትወልደው ማን ናት?" አሉ እማማ ብሌን ከኋላዋ።

"ልጄ ናት።"

"ስንተኛዋ ነው?"

"የመጀመሪያዋ።"

አሮጊቷ የመስኮቱን ደፍ በእጃቸው ዳሰሱ። "እኔንም እናቴ እዚህችው ክፍል ነው ያረሰችኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ መስኮት ጠዋት ጠዋት ለሕፃን ጥሩ ነው።"

ሳሎን ተመልሰው ሲቀመጡ እማማ ብሌን እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አነባብረው ተናገሩ። "ልጄ ሐዋሳ ነው። ብቻሽን አትኖሪም ብሎ ድርቅ አለ። እዚያ ሄጄ ምን እንደምሠራ እንጃ። ብቻ ሰው እንዲገባበት እፈልግ ነበር፤ ሰው አገኘሁ።" ሶልያናን አዩዋት። "በሉ ቤቱን ውሰዱት። ለእናንተ ይሁን። አልጋውም፣ ቁም ሳጥኑም፣ ሁሉም እንዳለ ይቅርላችሁ።"

"ኧረ አይሆንም እማማ! እንዴት ተደርጎ!" አለች ሶልያና።

ይህን ያለችው እሷ አይደለችም ማለት ይቻላል። በልጅነቷ ሰው ቤት ከረሜላ ሲሰጣት ወዲያው እጇን ከዘረጋች በዓይኗ የምትቆጣት እናቷ ናት ያለችው። ሰው ቤቱን ከነአልጋው ሲሰጥሽ 'እሺ' ብለሽ ትቀበያለሽ? እንዴት ያለ የጨዋ ልጅ ነው እንዲህ የሚያደርግ? ቃሉ ከአፏ የወጣው ከማሰቧ ቀድሞ ነው።

የታዛቢው መብራት ቀይ ሆነ።

"ገዢ እምቢ ብለዋል። ተመዝግቧል። ጉብኝቱ ተጠናቋል።" መብራቱ ጠፋ።

ረድኤት ራሷን ያዘች። "ማዘር! ምን ነበር ያልኩዎት?"

"ምን አለ እሱ? ምን ተጠናቀቀ?" አሉ እማማ ብሌን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ። ነገሩ ሲነገራቸው ታዛቢውን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት፤ ታዛቢው ግን ተኝቷል። ሶልያና ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣለች። አሮጊቷ ተነሥተው ሄዱና በጎድጓዳ ሳህን ኮክ ሞልተው አመጡላት። ሶልያና ተቀበለች። በዚያ ሰዓት እምቢ ለማለት እንኳን አቅም አልነበራትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳህኑን እንዳቀፈች ነበር። ሊፍቱ ውስጥ ኪሩቤል፣ "ሊፍት ሲሳሳት እኮ ከፍተን እናስተካክለዋለን። ይሄንንም የሠራው ሰው ነው" አላት።

"እሱ አልተሳሳተም ኪሩ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።" እንባዋ ኮኩ ላይ ወረደ። "ልጄን ውጭ የጣልኳት እኔ ነኝ።"

"አልጣልሻትም። ተግደረደርሽ።"

"አንድ ነው።"

"አንድ አይደለም" አለ ኪሩቤል፤ ግን ልዩነቱን ማን ፊት ቀርቦ እንደሚያስረዳ አላወቀም።

በማግስቱ ሶልያና ሳህኑን አጥባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ታየው ጀመር። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ይህንንም ያስተማረቻት ያችው እናቷ ናት። በሕንፃው ውስጥ ምግብ ተዘጋጅቶ በልክ በልኩ ስለሚመጣ ቤት ውስጥ ለሰው የሚሰጥ ነገር አይኖርም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለኤልዳና ያዘጋጀችው የአጥሚት ዱቄት። ገብሱንና አጃውን በሕንፃው የጋራ ማብሰያ ወረፋ ጠብቃ፣ ሽታው ጎረቤት እንዳያስቀይም በር ዘግታ፣ ራሷ ቆልታዋለች። ከረጢቱን አወጣችና ሳህኑን እስከ አፉ ሞልታ ከደነችው።

"የልጅቷን?" አለ ኪሩቤል።

"ባዶ ሳህን ይዤ ልሂድ እንዴ? ደግሞስ እዚህ ለማን ላጠጣው ነው?"

ኪሩቤል ጫማውን አድርጎ ተከተላት።

የአሉሚኒየሙን በር ሲገፉ ሳሎኑ ውስጥ ሰው አለ። ረድኤት አለች፤ አጠገቧ ናኦል የሚባል ወጣት ተቀምጧል፤ ቤት እየነቀለ ሕንፃ አናት ላይ ከሚሰቅለው ኩባንያ የመጣ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያያቸው ብድግ አለ። የታዛቢው ቢጫ መብራት በርቷል። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ምግብ አለ፤ እማማ ብሌን "ብላ" ሲሉት "አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም" ብሏል፤ ሲደግሙለት "አልፈልግም አልኩ እኮ" ብሏል፤ እሳቸውም ሦስተኛውን ለመጠየቅ ወኔ ከድቷቸዋል።

ረድኤት ደንግጣ ተነሳች። "ማዘር፣ እርስዎ እኮ ተመልሰው መቅረብ አይችሉም!"

"ለቤቱ አልመጣሁም። የሰው ዕቃ ልመልስ ነው" አለች ሶልያናና ሳህኑን በሁለት እጇ ለአሮጊቷ ሰጠች።

እማማ ብሌን ክዳኑን አነሱ፤ በጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱ።

"ይሄ የአራስ አጥሚት ነው።"

"አዎ እማማ።"

"ለልጅሽ ያሰናዳሽው።"

"ለሷ ሌላ አዘጋጃለሁ።"

"የት?"

ሶልያና ባሏን ዞራ አየችው። ኪሩቤል ክንዷን ያዛት። እማማ ብሌን ሳህኑን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወንበራቸውን ወደ ታዛቢው አስጠጉ።

"ስማ አንተ። ትናንት እቺ ልጅ እምቢ አለች ነው ያልከው?"

"አዎ። ተመዝግቧል።"

"ከዚያ በፊት፣ ምሳ ሳቀርብ ባሏ ምን አለኝ?"

"'በልተን ነው የመጣነው' ብለዋል። ተመዝግቧል።"

"ቀጥሎስ?"

"'ጠግበናል' ብለዋል።"

"ቀጥሎስ?"

ታዛቢው ዘገየ። "በልተዋል።"

"ምን ያህል?"

"ሳህኑ ባዶ ሆኗል። ተጨምሯል። 'በቃኝ' ብለዋል። እንደገና ባዶ ሆኗል።"

ኪሩቤል ሴራሚኩን ያይ ጀመር። ጆሮው ቀላ።

"እና እምቢ ብሎ ነበር ወይስ አላለም?"

ቢጫው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። "ቃሉ እምቢ ነበር። ድርጊቱ እሺ ነበር። ምክንያቱ አልታወቀም።"

"አለመጨረሴ ነዋ ምክንያቱ!" አሉ እማማ ብሌን፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው። "ሰው አንዴ ብሉ አይባልም። ይባላል፣ እምቢ ይላል፤ ይለመናል፣ እምቢ ይላል፤ ከዚያ በሞቴ ይባላል። የሱም እምቢታ የኔም ልመና አንድ ላይ ነው የሚያልቀው። ቤቱንም ውሰዱት ስል ገና መጀመሬ ነበር። አቋርጠኸኝ ነው የተኛኸው!"

እዚህ ላይ ረድኤት ነቃች። ደላላ ሕግ የሚያውቀው ሲጠቅመው ነው፤ ሲጠቅመው ግን አጣርቶ ያውቃል። "የሻጭ ቃል ሳያልቅ የገዢ መልስ አይመዘገብም!" አለች ጮክ ብላ። "ሕጉ ላይ አለ! ሻጭ ቃሌ አላለቀም ካሉ ትናንት የተመዘገበው ይነሳል!"

ሁሉም ትንፋሹን ይዞ የታዛቢውን መልስ ጠበቀ፤ በዚያ ቤት ትንፋሽ የሚቆጥር የለም እንጂ።

"ሻጭ ቃላቸው አላለቀም ብለዋል። የትናንቱ መልስ ተነሥቷል። ሻጭ ይቀጥሉ።"

"ይቅርታ፣ እኔስ?" አለ ናኦል።

"አንተ ልጄ፣ ቅድም ምግቡን እምቢ ያልከኝ ከልብህ ነው?" አሉት እማማ ብሌን።

ናኦል ምግቡን አየ፤ ታዛቢውን አየ። "እውነቱን ለመናገር ርቦኛል" አለ።

"እንግዲያው ቅረብ። አንተ ቤት ሳይሆን ምሳ ነው የሚያስፈልግህ።" ከዚያ ወደ ሶልያና ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝግ አለ። "ልጄ፣ ቤቱን ውሰዱት አልኩ።"

ሶልያና "ኧረ" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ውስጥ ሲነሳ ተሰማት። ረድኤት ዓይኗን ጨፈነች። ኪሩቤል የሚስቱን እግር በእግሩ ጫን አደረገ። ሶልያና የኤልዳናን ሆድ አሰበች፤ የምሥራቁን መስኮት አሰበች፤ እናቷንም አሰበች፤ በልቧ ይቅርታ ጠየቀቻት።

"እሺ" አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እማማ ብሌን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ውይ! ትንሽ እንኳን አትግደረደሪም?"

መጀመሪያ የሳቀው ኪሩቤል ነው። ከዚያ ረድኤት፣ ከዚያ ጉርሻ በአፉ የሞላው ናኦል። ሶልያና እየሳቀች አለቀሰች፤ አሮጊቷ ሄደው አቀፏት፤ ታዛቢው ይህን ምን ብሎ እንደሚመዘግብ ቸግሮት ብልጭ ድርግም ሲል ቆየ።

ቁልፉ በሕጉ መሠረት እስኪሰጥ ኤልዳና አልጠበቀችም። ለመውለድ ከድሬዳዋ በመጣች ማግስት፣ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት፤ ሰፈሩ ውስጥ ባለው ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለችና በቀጥታ ወደ ምሥራቁ ክፍል ገባች። አጥሚቱ የተሠራው ከዚያችው ሳህን ነው። እልልታውን ያስጀመሩት እማማ ብሌን ናቸው፤ ከዙሪያው ሕንፃዎች ሁሉ የድምፅ ክስ ዘነበ፤ ማንም ደንታ አልሰጠውም። ጠያቂ መጣ፤ ከሶልያና ሕንፃ የመጡት በሩ ላይ ቆመው "ስንት ሰው ይፈቀዳል?" ብለው ይጠይቁ ነበር። "ግቡ!" ይባላሉ። ገቡ፤ ተቀመጡ፤ መሸባቸው፤ አንዳንዶቹም አደሩ። እማማ ብሌን ሕፃኗን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሞቋታል፤ ለኤልዳና ገንፎ ሲያንስ ይቆጣሉ፤ ሶልያና ማታ ደክሟት ስትጋደም ብርድ ልብሱን የሚጎትቱላት እሳቸው ናቸው። አራሷን ያረሱት ሁለት እናቶች ነበሩ ቢባል ይሻላል።

የርክክቡ ቀን ዝናብ ነበር። ከሐዋሳ የተላከው ሾፌር አልባ መኪና ከቀዩ በር ውጭ ቆሟል። እማማ ብሌን ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ሻንጣቸው በረንዳው ላይ ነው፤ አጠገቡ ለልጃቸው የለቀሙት ኮክ በፌስታል። ረድኤት ለታዛቢው ጃንጥላ ይዛለታለች፤ የባለቤቷ መውጣት መመዝገብ አለበት።

"እማማ፣ እዚሁ ይሁኑ" አለች ሶልያና።

"አይ የኔ ልጅ። ሸጬው ደግሞ ልጎለትበት? ልሂድ።"

ሁሉም ወደ ታዛቢው ዞሩ። 'ተመዝግቧል' ይላል ብለው ጠበቁ። ታዛቢው ዝም አለ። መብራቱ ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

"በሞቴ እማማ።"

ታዛቢው የጤና እርዳታም አልጠራም።

"ኧረ አስቸግራችኋለሁ፣ እናንተም ልጅ አላችሁ። መኪናውም ይኸው ቆሟል" አሉ እማማ ብሌን። ዓይናቸው ግን ወደ መኪናው አልሄደም፤ ወደ ምሥራቁ ክፍል ነው ያዩት፤ ሕፃኗ እዚያ ታለቅሳለች።

ሶልያና ሦስተኛውን በአፏ አላለችውም። ጎንበስ ብላ ሻንጣውን አነሳችና ወደ ቤት ገባች። "ኧረ ተይ! ኧረ ምን ሆንሽ ልጄ! ኧረ እሄዳለሁ!" የሚለው ድምፅ ከኋላዋ ይሰማታል፤ ሴራሚኩን ኳ ኳ እያደረገ የሚከተላትም ከዘራ ይሰማታል።